«ያለ ቢላ የሚያድን መጣ» ብለው ቀጠሮ ለሚሰርዙ

የምሠራው አሜሪካ ውስጥ በጡት ምርመራ ክፍል ነው። ነርስ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ለማይችሉ እናቶቻችንም አስተረጉማለሁ። ዕጢን በመርፌ አቀዝቅዞ መግደል፣ ክራዮአብሌሽን የሚሉት፣ በየስልኩ በቪዲዮ መዞር ከጀመረ ወዲህ ያንኑ ስህተት መላልሼ እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስህተቱ የኦፕራሲዮን ቀን ተቆርጦ ሳለ መሰረዝ ነው። የአንዲት እናት ዕጢ አራት ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ብብታቸው ሥርም ንፍፊት ይዳሰስ ነበር። ልጆቻቸው፣ እናታችንን ቢላ አይንካት ብለው፣ የሚያቀዘቅዝ ሆስፒታል ሲያፈላልጉ ወራት አለፉ። ተመልሰው ሲመጡ ዕጢው ቆዳቸውን ይዞታል። እባካችሁ! ይህ ሕክምና ለማን እንደሆነ በግልጽ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ፕሮሴንስ ለተባለው እስራኤል ሠራሽ መሣሪያ ፈቃድ የሰጠው ዕድሜያቸው 70 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ዕጢያቸው ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ላልበለጠና ካንሰራቸው ዝቅተኛ ሥጋት ላለው ሴቶች ነው፤ ያውም የሆርሞን መድኃኒት ጨምረው እንዲወስዱ። ለፈቃዱ መሠረት በሆነው አይስ 3 ጥናት የታከሙት 194 ሴቶች ሁሉም 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ዕጢያቸው አንድ ብቻ፣ ትንሽና በሆርሞን የሚያድግ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ በዚያው ጡት የተመለሰባቸው 4 ከመቶ ገደማ ናቸው። ውጤቱ ያማረው እንዲህ ተመርጠው ስለገቡ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ በሽታው ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከ50 ዓመት በታች ያሉትን ነው፤ የሚደረስበትም ዘግይቶ ነው። ብብት ውስጥ የገባን ካንሰር ጡት ላይ የተተከለ መርፌ አይደርስበትም።

ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ተሟልቶ ሳይመረመር ለማቀዝቀዝ መቸኮልም አለ። ቀዝቅዞ ከሞተ ሥጋ ላይ የካንሰሩን ዓይነት በወጉ ማወቅ ስለማይቻል፣ የሆርሞንና የሄር 2 (አንዳንድ የጡት ካንሰር የሚያበዛው ፕሮቲን) ውጤት አስቀድሞ በእጅ መግባት አለበት።

«እባክሽ እህቴ፣ ካንሰር የሚለውን አትንገሪያት» የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን እናትየው የሚታከሙት ነቅተው ነው፤ የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው። መርፌው ጡታቸው ውስጥ እያለ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይነቃነቁ መተኛት አለባቸው። ለምን እንደሆነ ያልተነገራቸው ሰው እንዴት ይችሉታል? ፈቃዱን የሚፈርሙትስ እሳቸው አይደሉም?

ሥራውን ገና ለጀመራችሁ የሙያ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ስትጓጉ ማየት ደስ ይለኛል። በአልትራሳውንዱ ላይ በረዶው ዕጢውን ሲሸፍን አይታችሁ «አለቀ» አትበሉ። የበረዶው ጠርዝ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያ ካንሰር አይገድልም። የሚገድለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለው፣ ከዜሮ በታች ከ20 እስከ 40 ዲግሪ የደረሰው ክፍል ነው። ስለዚህ በረዶው ከዕጢው ዳርቻ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ መሄድ አለበት፤ ቀዝቅዞ፣ ቀልጦ፣ እንደገና መቀዝቀዝም አለበት። በረዶ ድምፅ አያሳልፍም። ስክሪኑ ላይ የሚታያችሁ ወደ እናንተ ያለው ነጭ ቅስት ብቻ ነው፤ ከኋላው ድፍን ጥቁር ጥላ ነው። ፕሮቡን (ጡት ላይ የሚያዘውን የአልትራሳውንድ መሣሪያ) እያዞራችሁ ከየአቅጣጫው ለኩ። ቅስቱ ወደ ቆዳ ሲጠጋ በመካከሉ የጨው ውኃ በመርፌ ካልተጨመረ ቆዳው በብርድ ይቃጠላል።

ሕክምናው አለቀ ብሎ ኪኒን ማቆም፦ በፍጹም። የሆርሞን መድኃኒቱ፣ ታሞክሲፈንም ሆነ ሌትሮዞል፣ ብዙውን ጊዜ ለአምስት ዓመት ይወሰዳል። ጠበል የሚጠመቁ እናቶች ጠበሉንም ኪኒኑንም አብረው መያዝ ይችላሉ።

ከሕክምናው በኋላ ቦታው ጠጥሮ ለወራት ይዳሰሳል። የሞተው ዕጢ ተቆርጦ አልወጣም፤ ሰውነት ቀስ እያለ ነው የሚያጠፋው። በዚህ ደንግጠው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱ አሉ። ከእነሱ ይልቅ የምፈራላቸው ግን እብጠቱን ስለለመዱት ማሞግራም የሚቀሩት ናቸው። እብጠቱ እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ ቆይቶ ማደግ ከጀመረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይደውሉ።