የወፈረውን የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ያቀጠንኩበት መንገድ

ከአትክልት ግሊሰሪን የቀመምኩት የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ በጅማ የክረምት ቅዝቃዜ እንደ ማር እየወፈረ በመሣሪያው ውስጥ ፈሳሹን ስቦ ወደሚሞቀው ሽቦ ወደሚያደርሰው ጥጥ በቶሎ ስለማይሰርግ፣ መሣሪያው ደረቅ ጥጥ እያሳረረ ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይሰጥ ነበር። የመሣሪያው ሽያጭ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ በመሆኑ የተዘጋጀ ማቅጠኛ ከሱቅ መግዛት አይታሰብም። ችግሩ የተፈታው በ30 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ላይ 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ጣዕምም ስኳርም ያልገባበት 96 በመቶ የመጠጥ አልኮል በስሪንጅ ለክቼ ጨምሬ ጠርሙሱን በደንብ ስነቀንቀው ነው። የሰፈር አረቄ፣ ዳግሙም ቢሆን፣ ለዚህ አይሆንም፤ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፣ ሜታኖልም ሊኖርበት ይችላል፤ የጽዳት አልኮልማ ጭራሽ አይነካም። አልኮሉ በ78 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ከግሊሰሪኑ ቀድሞ ይተናል፤ መጀመሪያ ሲሳብ ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርገውም እሱ ነው። በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ቅመማው ከቡናው ከሰል ርቆ መሠራት አለበት።