የቱሉ ዲምቱ ቤቴና በመሳቢያ የቀረው ሲም

ቱሉ ዲምቱ ያለችኝ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የ20/80 ናት። 20 በመቶውን ቆጥቤ ከፈልኩ፣ የቀረው የባንክ ብድር ነው። ከሀገር ስወጣ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቤቷ ትከራያለች፣ እህቴ ኪራዩን ትቀበላለች፣ ከሱ ላይ የወሩን ክፍያ ባንክ ታስገባለች። በቃ።

ሁለት ዓመት እንዲያ ሄደ። ከዚያ እናታችን ታመመች። እህቴ ኪራዩን ለምርመራና ለመድኃኒት አዋለችው። ለኔ ግን አልነገረችኝም፤ በሰው ሀገር ሆኖ ለምን ላስጨንቀው ብላ። በደወልኩ ቁጥር «ሁሉም ሰላም ነው» ትለኛለች። ባንኩ የሚልከው መልእክት ደግሞ የሚገባው ትቼው በወጣሁት ሲም ላይ ነበር። ሲሙ በእናቴ ቡፌ መሳቢያ ውስጥ በመሀረብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የሰባት ወር ውዝፍ እንዳለብኝ የሰማሁት ለእንቁጣጣሽ ሀገር ቤት ስገባ ነው።

እህቴን አልወቅሳትም። እናቴን ያስታመመችው እሷ ናት። ጥፋቱ የኔ ነው። የብድሩንና የቤተሰቡን ገንዘብ አንድ ላይ ቀላቅዬ እሷ ላይ ጥዬ ሄድኩ። እናቱ አልጋ ላይ ሆና የባንክ ቀን የሚያስታውስ ማን አለ?

ስለዚህ ውጭ ሆናችሁ ሀገር ቤት የቤት ብድር የምትከፍሉ፣ ከሁሉ በፊት ገንዘቡን ለዩ። ተከራዩ ኪራዩን ራሱ በእናንተ ስም ባለው ሂሳብ ያስገባ። ብድሩ ከዚያው ሂሳብ በየወሩ እንዲቆረጥ ለባንኩ በጽሑፍ ጠይቁ። ተከራይ ሊለቅ ስለሚችል ቢያንስ የሦስት ወር ክፍያ ሂሳቡ ላይ ይቀመጥ። ለቤተሰብ የምትልኩትን ለብቻው ላኩ። ትንሽም ብትሆን የራሳቸው ትሁን፤ ያኔ ብድሩን መንካት አያስፈልጋቸውም።

ውዝፍን አትናቁ። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንኮች በመያዣ የያዙትን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄዱ በጨረታ እንዲሸጡ ይፈቅዳል። የሚጠበቅባቸው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። እናንተ ውጭ ናችሁ። ደብዳቤው የድሮ አድራሻችሁ ጋ ሄዶ ተከራይ እጅ ቢገባ፣ 30 ቀኑ ሳትሰሙት ያልፋል። የውጭ ስልካችሁንና ኢሜይላችሁን በብድር ፋይላችሁ ውስጥ አስመዝግቡ። ክፍያ ካቃታችሁም ሳትጠሩ ቀድማችሁ አናግሯቸው። እኔ ውዝፉን በአንዴ መዝጋት አልቻልኩም፤ በአምስት ወር ከፍዬ ልጨርስ ብዬ ተስማማን። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ውክልና ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቆንስላ ሄዶ «ለሁሉም ይሁን» ይላል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝ፣ መበደር ይገባል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መሰጠት አለበት። ኪራይ ለመቀበልና ብድር ለመክፈል ከሆነ እነዚያን ቃላት ለምን ትጽፋላችሁ? ሳታውቁት ባለዕዳ ልትሆኑ የምትችሉት በነሱ በኩል ነው። የወንድም እጅ ቢሆንም እንኳ ሥልጣኑን በልኩ ስጡ፤ እሱንም ከደላላና ከአበዳሪ ጉትጎታ ታድኑታላችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዶላር እያገኘን የብር ብድር ያለብን ሰዎች ዕዳችን በአንድ ጊዜ ቀለለልን። ወዲያው ስልክ መጣ፤ «አሁን ነው ጊዜው፣ ገላን በኩል ጥሩ ቦታ አለ» የሚል። ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን በተረፈኝ ገንዘብ የነበረኝን ብድር ቀነስኩ። እናንተም ተጨማሪ ስትከፍሉ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ደረሰኙንም ያዙ።

በክሬዲት ካርድ ሀገር ቤት ቤት አትሥሩ። ይህን ስል ጓደኛዬ ትዝ ብሎኝ ነው። የጀመረውን ጂ ፕላስ ዋን ልጨርስ ብሎ በካርድ ብር እያወጣ ብረትና ሲሚንቶ ገዛ። ወለዱ የሚቆጥረው በዶላር ነው፣ ቤቱ ደግሞ አምስት ሳንቲም ኪራይ አያስገባም። ባለፈው ሄጄ አየሁት። በርና መስኮት የለውም፣ ከኮለኑ አናት የወጣው ፌሮ ዝጓል። እሱ አሁንም ሌሊት ሌሊት ተጨማሪ ሥራ እየሠራ የካርዱን ዕዳ ይከፍላል።

ሲሙ አሁን እኔ ዘንድ ነው፣ ሮሚንግ ተከፍቶለታል። ብድሩ በተቆረጠ ቁጥር መልእክቱ እዚህ ይደርሰኛል። እህቴም በወሩ መጀመሪያ የእናቴን የመድኃኒት ሂሳብ በወረቀት ጽፋ ፎቶውን ትልክልኛለች። የጎደለ ካለ ከሥሩ ታሰምርበታለች።