የዝንቧ ጂን አድራሻ አልገጥም ሲል

ደብረ ማርቆስ ሆኜ ለማስተርስ ጽሑፌ የፍራፍሬ ዝንብ ጂኖችን እያየሁ ነበር። ከአንድ የቆየ ጥናት የክሮሞዞም አድራሻዎችን (ጂኑ ክሮሞዞሙ ላይ ያለበትን ቦታ የሚያሳዩ ቁጥሮችን) ወስጄ ፍላይቤዝ በሚባለው የዝንቧ ጂኖች የመረጃ ቋት ላይ ሳስገባ ሌላ ጂን ይመጣል። አንዳንዴም ምንም ጂን የለም። ስህተት አለ የሚል መልእክት ግን አይሰጥም፤ ክፋቱ እሱ ነው።

አራት ቀን ለፋሁ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከርኩ። ብሮውዘር ቀየርኩ። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ሌሊት ተነስቼ ሞከርኩ። ያው ነው።

መላው የተገኘው በደንብ ከማውቀው ጂን ስጀምር ነው። «ዋይት»ን ፈለግኩ፤ ሲበላሽ የዝንቧን ቀይ ዓይን ነጭ የሚያደርገው ነው። መለያው ኤፍቢጂኤን0003996። ጥናቱ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ 2.68 ሚሊዮን አካባቢ ያስቀምጠዋል፤ ፍላይቤዝ ግን 2.79 ሚሊዮን አካባቢ። ያኔ ገባኝ። ጥናቱ የተሠራው በጂኖሙ፣ ማለትም በዝንቧ ሙሉ ዲኤንኤ ንባብ፣ ሪሊዝ 5 (አምስተኛ እትም) ነው። በፈረንጆቹ 2014 ደግሞ ሪሊዝ 6 ወጥቷል፤ አድራሻዎቹም ተቀይረዋል።

ልዩነቱን በእጅ ልደምር ብትሉ አይሠራም፤ ሞክሬዋለሁ። ኤክስ ላይ በዚያ አካባቢ 100 ሺህ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህል ነው፣ 2አር በሚባለው የሁለተኛው ክሮሞዞም ቀኝ ክንድ ላይ ግን ከ4 ሚሊዮን ያልፋል።

ፍላይቤዝ መሣሪያዎቹ ውስጥ ኮኦርዲኔትስ ኮንቨርተር የሚባል አድራሻ ቀያሪ አለው። መነሻውን ሪሊዝ 5፣ መድረሻውን ሪሊዝ 6 አድርጌ ዝርዝሩን ለጠፍኩበት። ወዲያው መለሰልኝ። መጀመሪያ «ዋይት»ን አየሁ፤ ልክ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። አሁን በኤክሴሌ እያንዳንዱ የአድራሻ ዓምድ አናት ላይ የሪሊዙን ቁጥር እጽፋለሁ።