ፕሮቶኖቹ ከኮሊሜተር እያመለጡ ሲያስቸግሩኝ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ሰላም፣ እዚህ ድሬ ከዚራ ሆኜ በላፕቶፕ የኤልኤችሲ (የሰርን ትልቁ የፕሮቶን ማፋጠኛ) ዓይነት ሪንግ ሲሙሌት እያደረግኩ ነው፣ ችግሩ ከጨረሩ ጠርዝ የሚወጡት ፕሮቶኖች ኮሊሜተር (ከጨረሩ ግራና ቀኝ ሆኖ የሚያመልጡትን የሚያጠምድ መንጋጋ) ላይ ማለቅ ሲገባቸው ማግኔቶቹ ላይ ይወድቁ ነበር። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የኤልኤችሲ ዋና ማግኔቶች በ1.9 ኬልቪን ነው የሚሰሩት፣ በዲዛይኑ አንዱ ጨረር 362 ሜጋጁል ይይዛል፣ ከዛ ትንሿ እንኳን ብታርፍባቸው ሞቀው ሱፐርኮንዳክተርነታቸውን (ኤሌክትሪክ ያለ ተቃውሞ ማስተላለፋቸውን) ያጣሉ።

ለካ ያገኘሁት ሴቲንግ ፋይል ለሁሉም ኮሊሜተር እኩል የክፍተት ሚሊሜትር ነው የሰጠው። የጨረሩ ውፍረት ግን በየቦታው ይለያያል፣ ሲግማ (የውፍረቱ መለኪያ) የቤታ (ማግኔቶቹ ጨረሩን እዛ ቦታ ምን ያህል እንደሚያሰፉት) እና የኤሚታንስ (የጨረሩ የራሱ መበተን) ብዜት ስኩዌር ሩት ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛው ኮሊሜተር ከመጀመሪያው ቀድሞ ፕሮቶኖቹን ይነካ ነበር።

በየቦታው ሲግማውን አስልቼ ከጨረሩ መሃል ያላቸውን ርቀት የመጀመሪያውን 6፣ ሁለተኛውን 7፣ የተንግስተን አብዞርበሩን (የቀረውን የሚውጠውን) 10 ሲግማ አደረግኩ፣ የኤልኤችሲ የዲዛይን ቁጥሮች ናቸው። የመጀመሪያው በአብዛኛው ይበትናል እንጂ ጨርሶ አያስቆምም፣ የተበተነውን የሚይዙት ኋለኞቹ ናቸው፣ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁሉም ነገር ይበላሻል በቃ።

ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ድጋሚ ራን አደረግኩት፣ አሁን ኪሳራው ኮሊሜተሮቹ አካባቢ ተሰብስቧል፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ! ኤሚታንስ ከቀየራችሁ ክፍተቶቹንም እንደገና አስሉ።