የኤቨረስቱን እንቆቅልሽ በሰሜን ተራሮች መፈተሽ፦ ኦዴል ያየው የትኛውን እርከን ነው?

ጆርጅ ማሎሪና አንድሩ ኤርቪን ሰኔ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ኤቨረስት ላይ እንደወጡ ቀሩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያያቸው የጉዞ ጓዳቸው ኖኤል ኦዴል ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ፣ 7,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ደመናው ገለጥ ሲል ሁለት ጥቋቁር ነጥቦች ሽቅብ ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ። ወደ ጫፉ በሚያወጣው ሸንተረር ላይ እርከን የሚባሉ ቀጥ ያሉ ቋጥኞች አሉ፤ መጀመሪያ ሁለተኛው እርከን (8,610 ሜትር) ላይ ነበሩ አለ፤ በኋላ አንደኛውም ሊሆን ይችላል ወደሚለው አዘነበለ። ሁለተኛውን አልፈው ከሆነ ጫፉ ላይ መድረሳቸው ይታሰባል። አንደኛው ላይ ከነበሩ ግን በዚያ ሰዓት እጅግ ዘግይተዋል።

ከጎንደር የሚነሳ የተራራ ቡድን ይህን በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ጨነቅ በሚባለው ካምፕ መፈተሽ ይችላል። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው አንድ ሜትር ላይ እንደተያዘ 1.7 ሚሊ ሜትር ነገር ይታያል፤ ሁለት የጤፍ ፍሬ ጎን ለጎን ማለት ነው። መታየቱ አያከራክርም። የቆመበትን ቦታ መለየቱ ነው ጣጣው።

ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ፈቃድና ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ያዙ፤ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ሳንቃ በር (3,250 ሜትር) አንድ ሌሊት እደሩ። በአንድ ቀን ጨነቅ (3,620 ሜትር) የወጣ ታዛቢ ራሱን እያመመው ምንም አያይም። ክረምቱን ተዉት፣ ጉሙ አያስመለክትም።

ከካምፑ ወደ ቧሂት ተራራ በሚወስደው መንገድ ላይ ተመሳሳይ የሚመስሉ ሦስት ነጥቦች ምረጡ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ በሉና ሸንተረሩን በወረቀት ንደፉ። ሁለት ተራማጆች ግራጫ ወይም ቡናማ ልብስ ይልበሱ፤ በ1916ቱ ጉዞም ደማቅ ልብስ አልነበረም። ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ሙከራውን ያበላሻል። ከመንገዱ ወጥተው ገደል አፋፍ ላይ እንዳይቆሙ። ነጥባቸውን በዕጣ ያውጡ፣ ዕጣውን ከእነሱና ከጸሐፊው በቀር ማንም አይወቅ።

አምስት ታዛቢዎች ከነጥቦቹ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ርቀው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቁሙ። ጸሐፊው «ዙሩ» ሲል አምስት ደቂቃ ብቻ ያያሉ፣ ያዩትንም ሳይነጋገሩ ንድፉ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የስልክ ካሜራና አቅራቢ መነጽር (ባይኖኩላር) ክልክል ነው። ይህን ስድስት ዙር አድርጉ፤ ሁለቱ ባዶ ይሁኑ፦ ማንም ሳይወጣ «ዙሩ» ይባል። እውነቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ይኖራል ብሎ የጠበቀ ዓይን ድንጋይም ዋልያም ሰው ያደርጋል።

በማግስቱ ንድፉን ሳታሳዩ እንደገና ጠይቁ፣ ሁለቱንም መልስ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አስፍሩ። የመጀመሪያው ትክክል ሆኖ የማግስቱ ከተለወጠ፣ የኦዴልን የመጀመሪያ ቃል ማመን ይቀላል። የመጀመሪያውም ከተዘበራረቀ ምስክርነቱ ብቻውን ክርክሩን አይቆርጥም። አንድ ነገር ግን አስሉ፦ ኦዴል የነበረበት አየር ጨነቅ ላይ ካለው ከግማሽ ጥቂት ነው የሚበልጠው፤ ስለዚህ የእናንተ ስህተት ከእሱ ያነሰ ቢሆን አይግረማችሁ።