የፊት መስታወትን የጠጠር ነቁጥ ለማጥፋት ሲሞከር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከወረታ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሚያቀና፣ በተለይ በታኅሣሥና በጥር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚመለስ አሽከርካሪ ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይዞ ነው የሚጓዘው። ጠዋት ሲወጣ ጥርት ብሎ የታየው የፊት መስታወት በዚያ ሰዓት ወተት የተረጨበት ይመስላል፤ ጠጠር እየመታ የቦረቦራት፣ የመርፌ ጫፍ የምታህል እያንዳንዷ ነቁጥ ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው እየበተነች ለብቻዋ ታበራለች። እኔ የአሮጌዋን ኮሮላዬን መስታወት ሁኔታ በትክክል የተረዳሁት ሐሙሲትን አልፌ፣ ከግጦሽ የሚመለሱ ከብቶችን 20 ሜትር ያህል ሲቀረኝ በድንገት ባየሁ ጊዜ ነው። እረኛው ልጅ ዱላውን ከፍ አድርጎ ባያውለበልብልኝ ኖሮ ጭራሽ ባላየኋቸው ነበር። ከዚያ በኋላ መስታወቱን ለማዳን ያደረግኋቸው ሙከራዎች ግን ጠጠሩ ለዓመታት ካደረሰው የከፋ ጉዳት በአንድ ወር ውስጥ አደረሱበት፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን የማውቃቸው በራሴ ኪስ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ችግሩን ሳይለዩ ወደ መፍትሔ መሮጥ ነው። መስታወትን የሚያደበዝዘው ነቁጥ ብቻ አይደለም። እንደ ባሕር ዳር ባለ ሞቃት ከተማ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ የዳሽቦርዱ ፕላስቲክ ሲግል የሚያወጣው እንፋሎት በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ስስ የቅባት ሽፋን ይፈጥራል፤ አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ በምሽት የሚመጣን የመኪና መብራት እንደ ጭጋግ ይበትነዋል። ብዙ ሰው ከውጭ በኩል ሲፈትግ ውሎ ችግሩ ከውስጥ መሆኑን የሚደርስበት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የውስጡን ገጽ በንጹሕ ጨርቅና በመስታወት ማጽጃ ሁለት ጊዜ ጠርጎ ማየት ይገባል። ከዚያም ሲመሽ የሞባይል ባትሪ አብርቶ ከጎን በኩል በመስታወቱ ላይ መልቀቅና በእስክርቢቶ ጫፍ ቀስ ብሎ መዳሰስ ነው፤ ጫፉ ወደ ጉድጓድ የሚገባ ከሆነ የጠጠር ነቁጥ ነው፣ ሳይደናቀፍ የሚያልፍ ከሆነ ግን የውሃ ማዕድን ትቶት የሄደው ጠብታ ወይም የቅባት እድፍ ሊሆን ይችላል። ዙሪያውን ጨረር መሰል ስንጥቅ ያበቀለ ቁስል ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ጉዳይ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከፋው ስህተት ነቁጡን ፈትጎ ለማጥፋት መነሳት ነው። የፊት መስታወት ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ፖሊቪኒል ቡቲራል በሚባል ግልጽ ፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ የውጨኛው ንጣፍ ውፍረት ከ2 ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም። ነቁጥ ማለት ከዚህ ንጣፍ ተቦርቡሮ የሄደ መስታወት በመሆኑ፣ ጉድጓዱን በፍተጋ ለማጥፋት በዙሪያው ያለውን ጤነኛ መስታወት ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። በመቶ የሚቆጠሩ ነቁጦች ላሉበት መስታወት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አያዳግትም። እኔ ግን አላሰብሁም። አንድ የጋራዥ ወጣት «ጋሼ፣ ድሪሉ ላይ ስፖንጅ ገጥሜ ባንዴ አዲስ አደርግልዎታለሁ» ሲለኝ ፈቀድሁለት። በሾፌሩ ፊት ለፊት ያለውን ስፍራ ግማሽ ሰዓት ያህል ከፈተገ በኋላ ነቁጦቹ በእርግጥ ቀነሱ፤ ነገር ግን በዚያ በኩል ስመለከት የመብራቱ ምሰሶ ወገቡ ላይ ጎበጥ ብሎ ታየኝ፣ ጭንቅላቴን ወደ ግራና ቀኝ ባንቀሳቀስሁ ቁጥርም ምሰሶው አብሮኝ ይደንሳል። መስታወቱ በአንድ ቦታ ስለተሸረሸረ እንደ መነጽር ሌንስ ሆኖ ነበር። ነቁጥ ያለበት መስታወት ዓይንን ያደክማል፤ የተዛባ መስታወት ግን ርቀትን አሳስቶ ያሳያል፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

ለመስታወት ፖሊሽ የሚውለው ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የውሃ ጠብታ እድፍንና ዋይፐር ያመጣውን በጥፍር የማይያዝ ስስ ጭረት ለማለስለስ ይረዳል፤ ይህም ቢሆን መስታወቱ ዘወትር እርጥብ ሆኖ፣ ድሪሉም በአንድ ቦታ ሳይቆም መሠራት አለበት፤ የፍተጋው ሙቀት በአንድ ስፍራ ከተጠራቀመ መስታወቱን ሊሰነጥቀው ይችላልና። መስታወትን በጥርስ ሳሙና ወይም በአመድ ፈትጉ የሚል ምክርም ይሰማል፤ የጥርስ ሳሙናው ብዙውን ጊዜ የሚያባክነው ጉልበትን ብቻ ነው። አመድ ግን በውስጡ ያለው ደቃቅ ጠጠር ስለማይታወቅ ለድስት እንጂ ለመስታወት አይሆንም። በብርጭቆ ወረቀት የሚሞክርም አጋጥሞኛል፤ የወረቀቱ ቅንጣት ከመስታወት የጠነከረ በመሆኑ ውጤቱ የመታጠቢያ ቤት መስኮት የመሰለ ድብዝዝ ገጽ ነው።

ሦስተኛው ስህተት ነቁጡን በሱፐር ግሉ ወይም በጥፍር ቀለም መሙላት ነው። የጠነከረው ሙጫ እንደ መስታወት ብርሃን አያሳልፍም፣ በፀሐይም መልኩ ይለወጣል፤ ጉድጓዱንም ስለሚደፍነው ኋላ ላይ ትክክለኛው ጥገና እንዳይሠራ ያደርጋል። ትክክለኛው ጥገና፣ ማለትም በአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚጠነክረውን ሬዚን የተባለ ግልጽ ፈሳሽ በግፊት ማስገባት፣ የተፈለሰፈው ከላይ ለጠቀስሁት ጨረር ላበቀለ ቁስል ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ትንሽ እያለና ውሃና አቧራ ሳይገባበት ቶሎ ቢጠገን ስንጥቁ እንዳይሮጥ ይገታል፤ እስከዚያው በግልጽ ፕላስተር መሸፈንና በቀትር በጋለው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አለመድፋት ይበጃል። በመስታወቱ ሁሉ ለተበተኑ ጥቃቅን ነቁጦች ግን ሬዚን አይረዳም፤ እያንዳንዷን ልሙላ የሚል ባለሙያ ካለ ሂሳቡን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አራተኛው ስህተት የዕለት ተዕለት በመሆኑ ማንም ስህተት ብሎ አይቆጥረውም፤ ይኸውም አቧራን በደረቁ መጥረግ ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ መስታወት ወደ 5 ተኩል ሲሆን፣ በአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ 7 ነው፤ ስለዚህ ከፒስታ መንገድ የተመለሰ መኪናን መስታወት በደረቅ ጨርቅ የሚያሽ ሰው እየቧጨረው ነው። በጣና ዳርቻ ቆሞ በባልዲ እየቀዱ መኪና ማጠብም ከዚህ አይሻልም። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ በየክረምቱ ወደ ሐይቁ የሚያስገቡት ደለል በዳር ዳሩ ውሃ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ባልዲው ሲሞላ አሸዋውም አብሮ ይቀዳል (የዘይቱና የሳሙናው እጣቢ ለሐይቁ የሚያተርፈውን ለጊዜው ልተወውና)። በላቫጆ ቢሆንም ጎማ የታጠበበት ጨርቅ ወደ መስታወት እንዳይመጣ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል፤ አጣቢዎቹ በዚህ ቅር አይሰኙም፣ ቢሰኙም ጨርቅ ይቀይራሉ። በምሽት ከሐይቁ ዳር ተነሥተው መስታወቱ ላይ የሚደርቁትን ትንኞችም እርጥብ ጨርቅ ጥቂት ደቂቃ አልብሶ ካራሱ በኋላ ማንሣት እንጂ መፋቅ አይገባም።

ዋይፐርን በተመለከተ በባሕር ዳር ልዩ ወቅት አለ። ላስቲኩ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በፀሐይ ሲደርቅና ከሥሩ አቧራ ሲያጠራቅም ይከርምና፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሽከርካሪው መቀየሪያውን ይጫናል። ያን ጊዜ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ነቁጦቹን እርስ በርሳቸው የሚያገናኝ የቅስት ጭረት ሲወለድ ነው። በግንቦት መጀመሪያ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ማየት፣ ጠርዙ ከተሰነጣጠቀም መለወጥ፣ ወጪው ከመስታወት ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

አምስተኛው ስህተት ከጭነት መኪና ጀርባ ተጠግቶ መንዳት ነው። የጠጠር የመምታት ኃይል ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው መንገድ ላይ የነጠረን ጠጠር በ40 ከሚነዳው በ4 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ይቀበለዋል። ሸራ ያላለበሰ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ከፊት ካለ ለመቅደም ከመጠጋት ይልቅ ወደ ኋላ ቀርቶ መጠበቅ ይመረጣል። ወደ ጢስ ዓባይም ሆነ ወደ ዘጌ ሲኬድ ጠጠር በሞላበት ቦታ ላይ ከፊት የሚመጣ መኪና ሲታይ ፍጥነትን መቀነስ እንዲሁ ነው።

የመጨረሻው ስህተት መስታወቱ የሚለወጥበትን ጊዜ ማሳለፍ፣ ወይም ለውጡን በርካሽ መፈጸም ነው። ውስጡም ውጩም ጸድቶ፣ ዋይፐሩም ተለውጦ፣ ማታ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ሲሻገሩ ከፊት የሚመጣው መብራት እግረኛን የሚሸፍን ከሆነ መለወጥ ግድ ነው። ሲለወጥም በመስታወቱ ጥግ ላይ ከታተመው ጽሑፍ ባለሁለት ንጣፍ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ማጣበቂያውም ለመስታወት የተሠራ ፖሊዩሬቴን እንጂ ለመታጠቢያ ቤት የሚውል ሲሊኮን አለመሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በግጭት ጊዜ መስታወቱን በቦታው የሚያቆየው እሱ ነውና። ሙጫው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የመድረቂያ ሰዓት እስኪሞላ መኪናውን ማንቀሳቀስ አይገባም። በመጀመሪያው ቀን ደግሞ የጎን መስታወት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆይ፤ አለበለዚያ በር በኃይል ሲዘጋ የታመቀው አየር ገና ያልደረቀውን መስታወት ወደ ውጭ ይገፋዋል። በግፊት ውሃ ለማጠብም ቢያንስ ሁለት ቀን መታገሥ ነው።