ግማሹ ብርሌ የድስቱ ነው

አክስቴ ዶሮ ወጥ ስትሠራ ምድጃው አጠገብ አንድ ብርሌ ጠጅ አይጠፋም ነበር። ልጅ ሆኜ ለራሷ የቀዳችው ይመስለኝ ነበር። በርግጥም ግማሹን ትጠጣዋለች። ሌላው ግማሽ ግን የድስቱ ነው። ቁሌቱ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ እንደማድረግ ከብርሌው ጠብ ታደርግና ታማስላለች። «ለምን ውሃ አትጨምሪም?» ስላት መልሷ አንድ ነው፦ «ውሃማ ማንም ይጨምራል።»

እኔ ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምኖር የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሼፍ አይደለሁም። ምሳ ቋጥሬ ቢሮ ስለምሄድ ግን ማታ ማታ አበስላለሁ። ጠጅም፣ ወይንም፣ ቢራም፣ አረቄም ተራቸውን ጠብቀው ድስቴ ውስጥ ገብተዋል። አንዳንዱ ሰምሮልኛል። አንዱ ደግሞ ቅንድቤን አስከፍሎኛል። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

ጠጅ

ከዶሮ ወጥ ልጀምር። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፋለሁ። ያለ ዘይት፣ በትንሽ እሳት አቁላላዋለሁ። ውሃው መጥጦ ወደ ቡናማ መሄድ ሲጀምር ዘይት፣ ቀጥሎ በርበሬ። ጠጁ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። በርበሬው ዘይቱን ጠጥቶ ከድስቱ ስር መያዝ ሲጀምር ግማሽ የቡና ስኒ ጠጅ ጨምሩና አማስሉ። እስኪመጥ ጠብቁ። ደግሞ ግማሽ ስኒ። እንዲህ እያላችሁ በጠቅላላው ሁለት ስኒ ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ስስት ነው።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ አሽቱት። መጀመሪያ አፍንጫ ወጋ የሚያደርግ ሽታ አለ። እሱ አልኮሉ ነው። ቆየት ሲል ይለዝብና የማር፣ የጌሾና የተቁላላ ሽንኩርት ሽታ ይቀራል። ዶሮው የሚገባው ያኔ ነው። ጠጁን መጨረሻ ላይ ከመከለሻው ጋር የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ወጡ ግን ጠጅ ቤት ያደረ ይመስላል።

ጠጁ ጌሾው የሚሰማ፣ ደረቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ብርዝ የመሰለው ጣፋጭ ጠጅ ስኳሩ ቶሎ ያርራል። ጠጅ ከጠፋ ደረቅ ቀይ ወይን ይተካዋል። «ደረቅ» የምትለዋን ቃል ግን አደራ። አንድ ፋሲካ ጠርሙሱን ሳላነብ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ጣፋጭ ወይን ገለበጥኩበት። የእህቴ ልጅ አንዴ ጎርሳ፣ «አጎቴ፣ ለስላሳ ጨምረህበት ነው እንዴ?» አለችኝ። ቤተሰቡ ዛሬም ድረስ አልረሳልኝም።

እውነት ተንኖ ያልቃል?

«እሳት ካገኘው አልኮሉ ይጠፋል» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይቀንሳል እንጂ እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ያወጣው ሰንጠረዥ አለ። የፈላ ምግብ ላይ ጨምራችሁ ወዲያው ካወረዳችሁት 85 በመቶው እዚያው ይቀራል። 15 ደቂቃ ከተንተከተከ 40 በመቶ። አንድ ሰዓት ከቆየ 25 በመቶ። ሁለት ሰዓት ተኩል እሳት ላይ ቆይቶ እንኳ 5 በመቶ አለ። ሁለት ስኒ ጠጅ ለትልቅ ድስት ስለሚከፋፈል ማንንም አያሰክርም። ግን «የለም» ማለትና «ጥቂት ነው» ማለት ይለያያሉ።

ስለዚህ እንግዳ ስትጠሩ ቀድማችሁ ተናገሩ። በሃይማኖቱ የማይነካ አለ፣ መድኃኒት የሚወስድ አለ፣ መጠጥ ትቶ ሽታውን እንኳ የሚሸሽ አለ። ከበሬ ፊት ለፊት ያለችው ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። እሷ ስትመጣ በሌላ ድስት እሠራለሁ። በወይኑ ፋንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ ግማሽ ስኒ ውሃና ቁንጥር ስኳር። ለሱጎ ከበቂ በላይ ነው። ሥጋውንም ራሷ ከምትገዛበት ቤት ነው የማመጣው፤ የእኛን ሥጋ አቅርቤ ስለ ወይን ብጠነቀቅ ምን ዋጋ አለው?

ወይንና ሱጎ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከሚባሉ ቤቶች ነው። ሱጎም የእነሱ ነው። የእኛ ሱጎ ግን ውሎ አድሮ ወይኑን ጥሎ በርበሬ ያዘ። እኔ ሁለቱን አስታርቄያለሁ።

ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ በጋለ ዘይት ላይ አድርጉ። ግራጫ ሲሆን አትቸኩሉ፤ ቡናማ ይሁን። ከዚያ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ግማሽ ብርጭቆ ደረቅ ቀይ ወይን ጨምሩ። እኔ ብዙ ጊዜ ጉደር ነው የምጠቀመው። ሱቁ ውስጥ ያለውን ውድ ጠርሙስ ለድስት አትክፈቱ። ለመጠጣት የሚያስጠላችሁን ደግሞ ድስቱም አይወድላችሁም።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ወይኑ ሲገባ «ሽሽሽ» ይላል። ከዚያ ጸጥ ብሎ ይንተከተካል። እርጥበቱ ሲያልቅና ዘይቱ ብቻውን ሲቀር እንደገና «ጭርር» ማለት ይጀምራል። ያ ሁለተኛው ድምፅ ሳይመጣ ቲማቲም እንዳታስገቡ። ቲማቲሙ ቀድሞ ከገባ የወይኑ ኮምጣጣነት ከቲማቲሙ ጋር ተደርቦ ሱጎው አፍ ያጨማድዳል። አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጎ ቢያንስ አርባ ደቂቃ። አለቀ።

ድስቱ የአሉሚኒየም አይሁን። ወይንም ቲማቲምም አሲድ አላቸው። አሉሚኒየሙን ይነኩትና ሱጎው ብረት ብረት ይላል። ሸክላ፣ ኢናሜል ወይም ስቴንለስ ከሆነ ችግር የለም። ይህንን ያወቅሁት ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ሱጎ ምሳ አድርጌ ከበላሁ በኋላ ነው። ገንዘብ ወጥቶበታል፣ አይጣልም።

የተረፈ ወይን ፍሪጅ ውስጥ ከአራት አምስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ይኮመጥጣል። በረዶ መሥሪያው ላይ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ከዚያ ሱጎ ባማራችሁ ቀን ሦስት አራት ፍሬ ወርወር ነው።

ነጭ ወይን ለዓሣ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ግማሽ ስኒ ወይን፣ ትንሽ ሎሚ። ሌላ ነገር አያስፈልገውም።

ቢራ

ልጅ ሳለሁ ነፋሱ ወደ ሰፈራችን ሲዞር ከጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ በኩል የብቅል ሽታ ይመጣ ነበር። ፋብሪካው ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ነው። ያንን ሽታ መጥበሻ ላይ ደግሜ ያገኘሁት ጥብስ ውስጥ ነው።

ለግማሽ ኪሎ ሥጋ የጠርሙሷ ሲሶ ይበቃል፤ ከ330 ሚሊ ሊትሯ መቶ ገደማ ማለት ነው። የቀረውን ምን እንደምታደርጉት አልነግራችሁም። ሥጋው በደንብ በጋለ መጥበሻ ላይ ውሃውን ይጨርስና ይጠበስ። ከመጥበሻው ስር ቡናማ ነገር ሲጣበቅ ቢራውን አፍስሱና በእንጨት ማማሰያ ፋቁት። ጣዕሙ ያለው እዚያ ነው። ሲመጥ ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ሮዝሜሪና ቃሪያ አድርጉበት።

ጠርሙሱን ሙሉ ማፍሰስ ለምን እንደማይሆን ልንገራችሁ። ቢራን የሚያመርረው ሆፕስ የሚባል ተክል ነው፤ ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ይሠራል። ውሃው ሲተን ምሬቱ አብሮ አይሄድም። ሳህኑ ላይ ተጠራቅሞ ይጠብቃችኋል።

ለጎድን አጥንት ደግሞ ግማሽ ቢራ፣ ግማሽ መረቅ አድርጉ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ጠንካራ ሥጋ እዚህ ቶሎ የማይበስለው። ፕሬሸር ኩከር ካላችሁ ተጠቀሙ። ግን ቢራው ገብቶ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ክዳኑ ተከፍቶ ይፍላ። ከጅምሩ ከዘጋችሁት ሽታው መውጫ አጥቶ ሥጋው ላይ ይቀራል።

በጾም ወቅት የምወዳት አንዲት ነገር አለች። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ከአንድ ኩባያ ትንሽ ያነሰ በጣም የቀዘቀዘ ቢራ። እንቁላል የለውም። አብዝታችሁ አትምቱት፣ ትንሽ ቢጓጉል ምንም አይደል። አረፋው ሳይሞት አበባ ጎመን ወይም ድንች እየነከራችሁ በጋለ ዘይት ጥበሱ። አረፋው ሊጡን ያቀለዋል፣ አልኮሉም ቶሎ ስለሚተን ቅርፊቱ ቀርጨጭ ይላል። በጾም ቢራ ይቻላል ወይ ለሚለኝ ሰው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እኔ የማወራው ስለ ሊጡ ነው።

አረቄ

አረቄ ለአዋዜ ነው። ግማሽ ኩባያ በርበሬ፣ ሁለት ፍንካች የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ትንሽ ዝንጅብል፣ ጨው፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አረቄ። ከዚያ እንደ ገንፎ እስኪሆን ጠጅ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አሹት። አንድ ሌሊት ይደር። በርበሬው ተነስቶ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህ እሳት ስለማይነካው አልኮሉ እንዳለ ነው። ለልጆች አይቅረብ።

አሁን ቅንድቤ። አንድ ማታ ጓደኞቼ ፊት ጥብስ ላይ እሳት ላስነሳ አማረኝ። ሲሊንደሩ እየነደደ፣ አረቄውን ከነጠርሙሱ አንስቼ መጥበሻው ላይ አዘነበልኩ። እሳቱ ከመጥበሻው ተነስቶ በፈሳሹ ላይ ወደ ጠርሙሱ አፍ ሲወጣ አየሁት። እግዜር አትርፎኝ ለቀቅኩት። የግራ ቅንድቤና የመጋረጃው ጠርዝ ሄዱ። ሰኞ ቢሮ ስገባ አለቃዬ ለረጅም ጊዜ አየኝና ምንም ሳይል አለፈ።

የግድ ካላችሁ እንዲህ አድርጉት። አረቄውን በስኒ ለኩ፣ ጠርሙሱን ከድናችሁ ሌላ ክፍል አኑሩ። ምድጃውን አጥፉ። አፍስሱ። ራቅ ብላችሁ በረጅም ክብሪት አቀጣጥሉ። ክዳን በእጃችሁ ይኑር፤ ከከፋ ትከድኑታላችሁ። ውሃ አትርጩበት፣ ቅባት ያለበት መጥበሻ ነው። ነበልባሉ ሲያልፍ ደግሞ አልኮሉ ያለቀ እንዳይመስላችሁ፤ በዚያው ሰንጠረዥ መሠረት 75 በመቶው ሥጋው ላይ ይቀራል። እኔ ትቼዋለሁ። ቅንድቡ እስኪሞላ ሁለት ወር ያህል ፈጅቶብኛል።